የእጅ ሰዓትና ደጅ ጥናት

የእጅ ሰዓት እንደ ድሮው የግድ የሚያስፈልግ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። በየኪሱ ያለው ስልክ ጊዜውን ሳያዛንፍ ይናገራል፤ ማለዳ ማለዳ መሙላት፣ ሰዓት አዳሽ ዘንድ መመላለስ አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ከአገር ቤት በመጣ ተማሪ ክንድ ላይ አሁንም ብዙ ጊዜ ሰዓት ይታያል። ሲመረቅ አባቱ የሸለሙት፣ ወይም ቦሌ ላይ ሲሸኝ አጎቱ ከራሳቸው ክንድ ፈትተው ያሠሩለት ሴይኮ ነው። ሰጪው ጊዜህን አታባክን ብለው አልመከሩ ይሆናል፤ ሰዓቱ ራሱ ምክር ነውና ሌላ ቃል አላስፈለገም።

ይህን ሰዓት በዋሽንግተን ጊዜ ሳይሞሉ እንዳለ በአገር ቤት ጊዜ የሚተዉት አሉ። ሒሳቡም ከሩቅ እንደሚመስለው አስቸጋሪ አይደለም። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በብርዱ ወራት 8 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት 7 ሰዓት ትቀድማለች። ዳሩ ግን የእኛ አቆጣጠር ቀኑን ከንጋት ስለሚጀምር ከፈረንጁ ቁጥር 6 ይቀንሳል። ስለዚህ በአገር ቤቱ ሰዓት ላይ የሚነበበው ቁጥር ከዚህ አገሩ የሚበልጠው በ2 ወይም በ1 ብቻ ነው። በጥር ወር እዚህ ከጠዋቱ 9 ሲሆን የተማሪው ሰዓት 11 ይላል፤ እዚያ ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።

ይህን ሒሳብ የማያደርግ ሰው ምን እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ከሥራ ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት ላይ ለእናቱ ይደውላል። እርሱ ተመችቶታል። ለእርሳቸው ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው፤ ስልክ በዚያ ሰዓት ሲጮኽ መርዶ መጣ ብለው ደንግጠው ይነሣሉ። የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙም አይቆጡም፤ እንኳን ደወልክልኝ ብለው መልሰው እንቅልፍ ሳይወስዳቸው ይነጋል። ሰዓት ማወቅ ማለት የክንድን ቁጥር ማንበብ ብቻ ሳይሆን፣ በሌላው ሰው ዘንድ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ማወቅም መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

ነገሩ ወደ ስብሰባችን ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። በርክ በፌርፋክስ ወረዳ፣ ከዋሽንግተን በስተደቡብ ምዕራብ ያለች የመኖሪያ ሰፈር ናት። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደዚህ የሚመጣ ሰው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ በቀለበቱ መንገድ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። መኪና የሌለው ከአልክሳንድሪያ በአውቶቡስ ይመጣል፤ የቅዳሜና የእሑድ አውቶቡስ ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። በርክ ሴንተር የሚቆመው፣ ሠራተኛ ወደ ዋሽንግተን የሚያመላልሰው ባቡር የሥራ ቀን ባቡር ስለ ሆነ ለስብሰባ ቀን አይረዳም። እንዲህ ተደክሞ የሚመጣበት ስብሰባ በዚህ አገር አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ላይ ይጠራል። በ2 ሰዓት የሚገኙት አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ወንበር ሲደረድሩ፣ ቡና ሲያፈሉ፣ ስልካቸውን ሲያዩ 3 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ተናጋሪው ይደርሳል፤ ይቅርታም ሳይጠይቅ ስለ ሰፊው ሕዝብ መብት መናገር ይጀምራል።

አርባ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ቢጠብቅ 60 ሰዓት ጠፋ ማለት ነው። በተማሪ ቪዛ የሚኖር ሰው በትምህርት ወራት፣ ያውም በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲሠራ ሕጉ አይፈቅድለትም። እንግዲህ በአንድ ከሰዓት በኋላ የአንድ ተማሪ የሦስት ሳምንት ሥራ ተቃጠለ። በሰዓቱ የሚገኙት እነማን እንደ ሆኑ ልብ ብሎ ያየ ሰው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ያገኛል። ሌሊቱን የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ያደረው ወንድማችን በሰዓቱ ይመጣል። ከሆስፒታል የሌሊት ተራ የወጣችው እኅታችን በሰዓቷ ትመጣለች። ሁለቱም ማታ ተመልሰው ተራ የሚገቡ ስለ ሆኑ ከዚያ በፊት የሚተኙባትን ጥቂት ሰዓት ቆርሰው ነው የመጡት። የሚያረፍደው ብዙ ጊዜ ሌላ የሚያስቸኩል ነገር የሌለው ነው። ጊዜ የተረፈው ሰው ጊዜ ያጠረውን ያስጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሳቅ ይታለፋል። «የሐበሻ ቀጠሮ» ይባልና ነገሩ ከባህል ይቈጠራል። እኛ ግን ይህን አባባል በሕዝባችን ላይ የተነገረ ሐሰት ነው እንላለን። የትኛው ሐበሻ ነው ቀጠሮ የማያከብረው? ወንፈል የገባ ገበሬ የጎረቤቱን ማሳ አንድ ቀን ያርማል፤ ጎረቤቱም በተራው አንድ ቀን ይመልስለታል። ቀኑ ተቈጥሮ ይበደራል፣ ተቈጥሮም ይከፈላል፤ ፀሐይ ካረፈደች በኋላ እየተንጠራራ የሚመጣ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ማን እንደሚያርምለት እንጃ። ጤፉን በሐምሌ መዝራት ሲገባው ያሳለፈ ገበሬ ቤተሰቡ ምን እንደሚበላ ያውቀዋል። እድር ከቀብር የቀረውን ስም ጠርቶ ይቀጣል። እቁብተኛ ዕጣው የሚወጣበትን ቀንና ሰዓት አይስትም፤ መዋጮውን ያዘገየም መቀጫውን ቆጥሮ ይሰጣል። በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው እቁብም ቢሆን ከዚህ አይለይም፤ ለስብሰባ ሁለት ሰዓት የሚያረፍደው ሰው ዕጣው በሚወጣበት ቀን ከሁሉ ቀድሞ ይገኛል።

ሊቃውንቱንስ ብንጠይቅ? ጾመኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይበትን ጊዜ ካህናቱ ፀሐይ ላይ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ያውቁት ነበር። የባሕረ ሐሳብ መምህራን አንዱን ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፍሉታል፣ አንዱን ኬክሮስ ደግሞ በ60 ካልዒት፤ ኬክሮሱ 24 ደቂቃ፣ ካልዒቱ 24 ሴኮንድ መሆኑ ነው። ከዚያም በታች ሣልሲት፣ ራብዒት እያሉ እስከ ሳድሲት ይወርዳሉ። በክንድ የሚታሠር ሰዓት ወደ አገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ ጊዜን እንዲህ አድቅቀው የከፈሉ ሰዎች ልጆች ሆነን ሳለ፣ ለሰዓት ደንታ ቢስ መሆን የአባቶቻችን ወግ ነው ብሎ መናገር አያምርብንም።

እንግዲህ ማስጠበቅን ከየት አመጣነው? ከገበሬው ማሳ እንዳልመጣ አይተናል። የመጣው ከጌቶች ደጅ ነው፤ ስሙም ደጅ ጥናት ይባላል።

በአሮጌው ሥርዓት ርስቱ የተነጠቀ፣ ፍርድ የጓደለበት ወይም ሹመት የፈለገ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ወደ ጌታው ደጅ ይሄድ ነበር። ቀን አይቈረጥለትም። ሳምንት ቢሆን ወር፣ ወር ቢሆን ዓመት፣ ጌታው ሲወጣና ሲገባ እየተነሣ እጅ ይነሣል፤ አንድ ቀን ዐይናቸውን ይጥሉብኝ ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። ስንቁ ያልቃል፣ በሬው ይሸጣል፣ ማሳው ጦም ያድራል። ይህ ሁሉ ጊዜ የሚፈጀው ጉዳዩን ለማጣራት ነው ቢባል ማንም አያምንም። የሚፈጀው ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ እንደ ሆነ በቀን ብዛት ለማስረዳት ነው። የሚያስጠብቅ ይከብራል፤ የሚጠብቅ ይዋረዳል። ከዚህም የተነሣ ቶሎ መምጣት የትንሽ ሰው ምልክት፣ ዘግይቶ መግባት የትልቅ ሰው ማዕረግ ሆኖ ቀረ። ሠርግ ላይም፣ ጉባኤ ላይም፣ የክብር እንግዳ ሁሉ ከተሞላ በኋላ መግባቱ ከዚያው የወረስነው ነው።

ያ ሥርዓት በ1966 ዓ.ም. ተናወጠ፣ በ1967 ተገለበጠ፤ የተካውም በ1983 ወደቀ። ደጅ ጥናት ግን ከሁሉም ተርፏል። ደጁ በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ተለወጠ እንጂ ጥናቱ ያው ነው፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ከየትኛውም ዐዋጅ የበለጠ ዕድሜ አግኝቷል። የሚመላለሰው ሰው ከገጠር የመጣበት የአውቶቡስ ዋጋ፣ በየአልጋ ቤቱ ያደረበት፣ እርሱ በሌለበት ያልታረመው ማሳ በየትኛውም ሒሳብ አይገባም።

በጄኔቭ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የእጅ ሰዓት ወደ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ተሽጧል። ፓቴክ ፊሊፕ የሠራው የወርቅ ሰዓት ሲሆን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊስን በጎበኙ ጊዜ የተበረከተላቸው ነው። በ2015 ለጨረታ ቀርቦ የባለቤትነት ጥያቄ ስለ ተነሣበት ከሽያጭ ወጥቶ ነበር። ይህ ሰዓት ዕለቱንና ወሩን፣ የጨረቃንም መሙላትና መጉደል ያሳያል፤ ወሩ በ30 ይሁን በ31 እንደሚያልቅ ራሱ ያውቃል፤ በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ቀን አድርጎ ይቈጥራል። የሚያውቀው ግን የፈረንጅን ወራት ብቻ ስለ ሆነ ጳጉሜን ስትመጣ ምንም አይረዳም።

እንዲህ ያለ ሰዓት የገባበት ቤተ መንግሥት ወሎ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ሊያውቅ አልቻለም፤ ወይም ሊያውቅ አልወደደም። በ1965 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ገደማ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን የረሃብ ፎቶግራፍ በግቢው ውስጥ አሳዩ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባለው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በለንደን ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ስድስት ወር ያህል አለፈ፤ መንግሥትም ነገሩን ሲሸሽግ ከረመ። የወሎ ገበሬ በዚያ ስድስት ወር በደሴ መንገድ ዳር ተቀምጦ ደጅ ይጠና ነበር። ለባለጸጋው ስድስት ወር ለማሰብ የሚበቃ ጊዜ ነው፤ ለተራበ ሕፃን ግን ስድስት ሳምንትም ብዙ ነው።

ፎቶግራፉን ካሳዩትና ካዩት ወገን የተማሪው እንቅስቃሴ ይገኝበታል፤ ይህ የማይካድ ክብሩ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣውም እርሱ ነው። ነገር ግን ከአገር ውጭ የነበረው ክፍል በሰዓት ጉዳይ የሚጠየቅበት ነገር አለ። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር በነሐሴ 1963 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ 19ኛ ጉባኤውን አደረገ፤ በብሔረሰቦች ጥያቄ ተከራክሮም ተከፈለ። ጥያቄው ትልቅ ነበር፤ ዛሬም አልተፈታም፤ ስለዚህ ክርክሩ ከንቱ ነበር አንልም። ከዚያ ጉባኤ እስከ የካቲት 1966 የነበረው ጊዜ ግን ሁለት ዓመት ተኩል ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ በየስብሰባው አንዱ ሌላውን በጥቅስ ለመርታት የጠፋው ሰዓት ምን ያህል እንደ ሆነ በየማኅደሩ የተከማቸው ወረቀት ይመሰክራል። የካቲት ሲመጣ በአገር ውስጥ በይፋ የቆመ አንድ የፖለቲካ ፓርቲ እንኳ አልነበረም። በሰኔ 1966 የተሰበሰቡት ወታደሮች ግን በመስከረም 1967 ቤተ መንግሥቱን ያዙ። እነርሱ ከተማሪው ይልቅ ብዙ አላነበቡም፤ ሰዓቱን ግን አላሳለፉም።

ስለ ጊዜና ስለ ጉልበት ሲነሣ ይህ የምንሰበሰብበት የበርክ ምድር የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካ መንግሥት ለዋሽንግተን ሁለተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ይሆን ዘንድ ቦታውን እዚህ በርክ ላይ መረጠ፤ መሬት መያዝም ጀመረ። ነዋሪዎቹ ግን ተቃወሙ፤ ውሳኔ የተባለውን እንዳልተወሰነ አድርገው ዓመታት ተሟገቱ። በ1958 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ቦታውን ወደ ቻንቲሊ አዛወሩት። በ1962 የተከፈተው የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያ ነው፤ አብዛኞቻችን ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ወርደን ይህን አገር መጀመሪያ የረገጥንበት። ለማረፊያ ተብሎ በርክ ላይ ተይዞ ከነበረው መሬት ከፊሉ ዛሬ የበርክ ሐይቅ መናፈሻ ሆኖ ሕዝብ ይዝናናበታል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ የመደራጀትንና ጊዜን ሳያሳልፉ የመሥራትን ጥቅም የሚያሳይ መልካም ምሳሌ ነበር። ዳሩ ግን ቻንቲሊ ባዶ ሜዳ አልነበረም። ዊላርድ የምትባል፣ ጥቁሮች በብዛት የሚኖሩባት መንደር ነበረችበት። የበርክ ሰዎች ሰባት ዓመት ተከራክረዋል፤ የዊላርድ ሰዎች በዚያው በ1958 እንዲለቁ ተነገራቸው፤ መንደራቸውም ጠፋች። ልዩነቱ በብልኅነት አልነበረም። ያ ዘመን በቨርጂኒያ ጥቁርና ነጭ ሕፃናት በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይቀመጡ መንግሥት የሚከላከልበት ዘመን ነበር፤ ጥቁሩ ማመልከቻ ቢጽፍ የሚያነብለት አልነበረም። ለአንዱ ወገን ሰባት ዓመት የሚሰጥ፣ ለሌላው የወራት ዕድሜ የሚነፍግ ሥርዓት ምን እንደሚመስል ደጅ ጥናትን ለምናውቅ ለእኛ ማንም ሊያስተምረን አይገባም።

እንግዲህ በውጭ አገር ያለ ተማሪ ክንዱ ላይ ያሠረው ሰዓት የማን ሰዓት ነው? ትምህርቱን የሚማርበት ጊዜ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እናት ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ታናሽ እኅት በትምህርት ፈንታ ከብት ጠብቃ፣ አባት ጡረታውን ቈጥቦ የገዙለት ነው። በግል ወጪው መጣሁ የሚለውም ቢሆን አንደኛ ደረጃን የተማረው በእነዚያው ሰዎች ግብር ነው። ይህን ጊዜ አንዱ በሌሊት ጨዋታ ቢጨርሰው፣ ሌላው ዲግሪውን ሳይጨርስ ስለ አብዮት ሲያወራ ቢያሳልፈው፣ ዕዳው የእርሱ ብቻ አይደለም። በሌላ በኩል፣ ከክፍል ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ክፍል እየሮጠ ቀና ብሎ የወገኑን ጉዳይ ለማሰብ አንዲት ሰዓት የማይተርፈውን ተማሪ ሰነፍ ወይም ግዴለሽ ብለው የሚዘልፉት አሉ፤ ይህን አንደግፍም። እርሱን ወደ ማኅበር የሚያመጣው ዘለፋ ሳይሆን፣ የመጣባት ሁለት ሰዓት በከንቱ እንደማትቀር ማየቱ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ለጉባኤው እናሳስባለን። ስብሰባ በተጠራበት ሰዓት የተገኘው ሰው ሦስትም ይሁን ሠላሳ ይጀመር፤ ሊቀ መንበሩ ካልመጣ ከተገኙት አንዱ ይምራ። የቃለ ጉባኤው የመጀመሪያ መስመር የተጠራበትንና የተጀመረበትን ሰዓት ጎን ለጎን ያስፍር። ዘግይቶ የመጣ ተናጋሪ የሚናገረው ከተመደበለት ጊዜ በተረፈው ብቻ ይሁን፤ ስሙ የገነነም ቢሆን። እድሮቻችን የሚሠሩበትን ሕግ መዋስ ነውር የለውም። ጥሪም ሲጻፍ ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይገለጽ፤ «ከቀኑ 2 ሰዓት» ብቻ ተብሎ የወጣ ጥሪ ሰሞኑን የመጣውን ተማሪ ከጠዋቱ በፈረንጅ 8 ላይ በር ያስቆመዋል።

የመሰብሰቢያው ሰዓት ራሱም ቢታሰብበት መልካም ነው። በዚህ አገር አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ማለት በብርዱ ወራት አዲስ አበባ ሆነው በስልክ ለሚሳተፉት ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። እኛ አንድ ሰዓት ተኩል ስናጓትት ለእነርሱ 5 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ በማግስቱም ማለዳ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃቸዋል። ወደ ጠዋቱ 10 ሰዓት ቢዛወር ለእነርሱ ከምሽቱ 12 ስለሚሆን ይመቻል፤ ነገር ግን የእኛ የሌሊት ተረኞች በዚያን ሰዓት ገና ጋደም ማለታቸው ነው። ቀትር ላይ ቢሆን ለሁለቱም ወገን የሚቀርብ ይመስለናል፤ ይኸውም ለአዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ይህም እስከ ማርች ሁለተኛ እሑድ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የዚህ አገር ሰዓት ወደ ፊት ስለሚገፋ የእኛ ቀትር ለእነርሱ ከምሽቱ 1 ይሆናል። ጸሐፊው ይህን በየጥሪው ግርጌ እንዲያስታውስ እንለምናለን።